የእኔን ስልክ ዘለሉት

ቤታችን ያለው ስልክ ሁሉ ከአዲሱ ፕሪንተር ጋር ሲገናኝ የእኔ ብቻ ተዘሏል፤ ይህ ግፍ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ፕሪንተሩን የገዛችው አስተማሪዋ ልጄ ናት፤ የፈተና ወረቀት ለማሳተም በቦንጋ ዝናብ ገበያው አጠገብ ወዳለው ፎቶኮፒ ቤት መመላለስ ሰልችቷት ነው። ገመድ አያስፈልገውም፤ በዋይፋይ ይሠራል። መብራት እንደመጣ ባሏ የራሱን፣ የእሷንና የልጅ ልጄን ስልክ አገናኘ። እኔም ስልኬን አቀበልኩት።

«እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ሊያትሙ ነው?» አለኝ።

«እነሱን ጠይቀሃል?»

«ኧረ አልጠየቅኩም።»

«እንግዲያው እኔንም አትጠይቀኝ።»

«የሚፈልጉትን ለእኔ ይላኩልኝ፣ አትምልዎታለሁ።»

«በገዛ ቤቴ ደጅ ልጥናልህ?» ብዬ የዋይፋዩን ሳጥን ከሶኬቱ ነቀልኩት። ሁሉም ጮኹ። የእኔ ስልክ ካልገባ የማንም አይሠራም አልኳቸው። ልጄ ሳቋ አመለጣትና «በል ንገራት እንጂ!» አለችው።

አማቼ አንገቱን ደፋ። «እሺ፣ አገናኝልዎታለሁ። ከባጃጅ ስወርድ ጭቃ ውስጥ የወደቅኩ ጊዜ በስልክዎ ያነሱኝን ፎቶ አትመው ሳሎን እንዳይሰቅሉብኝ ፈርቼ እኮ ነው» አለኝ።