ቅጠል ለቃሚዋን ያልያዝኳት ቀን

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ነው። ጉልበቴ ባመመኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ጉልበቴ ደግሞ የማያመኝ ቀን የለም።

ቤቴ ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ አጥሬን የሚነካበት ቦታ ላይ ነው። ከላምበረት አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ ባለቤቴን የጓሮዬን ጎመን አበላታለሁ ብዬ ተነሳሁ። ሁለት ጊዜ ተከልኩ። ሁለቴም ችግኙ ቢጫ ሆኖ ቁልቁል አደገ። ጥፋቱን በጎረቤት ዶሮ ላይ ጣልኩ።

«ሰውዬ፣ አንተ መሪ እንጂ ዶማ አታውቅም» አለችኝ ባለቤቴ አስለፈች። «አሁንም ካልበቀለ ቦታው ላይ ሰርቪስ ቤት ሠርተን እናከራየዋለን።»

በጓሮዬ ተከራይ? እልህ ያዘኝ። ሁለት መደብ ቆፈርኩ፣ ፍግ ጨመርኩ፣ ተከልኩ። እርጥበት እንዲይዝልኝም እንደ በፊቱ ከአጥሩ ሥር የረገፈውን የባሕር ዛፍ ቅጠል በጆንያ እየሰበሰብኩ በችግኞቹ መሀል ጎዘጎዝኩ። ከስልክ ቪዲዮ ላይ ነው የተማርኩት፤ ሊቅ ሆኛለሁ።

አንድ ጠዋት ስወጣ፣ ከእንጦጦ ቅጠል እየለቀመች ለማገዶ የምትሸጥ አንዲት ሴት በአጥሩ ቀዳዳ ገብታ አንደኛውን መደብ ሙልጭ አድርጋ ጠርጋዋለች። ሸክሟን አዝላ ልትወጣ ስትል ደረስኩ።

«አንቺ፣ መልሺ!»

«የተጣለ መስሎኝ ነው አባባ» አለችና ቁልቁለቱን ተያያዘችው።

ተከተልኳት። እሷ ያንን የሚያህል ሸክም ተሸክማ፣ እኔ ባዶ እጄን። መታጠፊያው ጋ ሳልደርስ ጉልበቴ ፍሬን ያዘ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን ስራገም እሷ ታጥፋ ተሰወረች።

እንደገና ልልቀም ብል ወገቤ እምቢ አለ፤ መደቡ ራቁቱን ቀረ። ቢሆንም ሁለቱንም ውሃ ማጠጣቴን አልተውኩም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቅጠል ያለበስኩት መደብ እንደ ልማዱ ቢጫ ሆነ። የተዘረፈው መደብ ግን ጎመኑ ተንዠረገገ።

ግብርና የተማረችው ልጄ ስልክ ላይ ሳቀችብኝ። «አባዬ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲረጥብና ሲበሰብስ ወደ አፈሩ የሚለቀው ኬሚካል አለው። አጠገቡ ያለው ተክል እንዳያድግ ያደርጋል። አንተ ጭራሽ ታለብሰዋለህ?»

ያን ሁሉ ጊዜ የጎረቤትን ዶሮ ስወነጅል ገዳዩ እኔ ነበርኩ።

ሴትዮዋን በር ላይ ስጠብቅ ሰነበትኩ። ስታየኝ መንገድ ልትቀይር አለች።

«ቆይ ልጄ፣ ያኛውንም መደብ ጥረጊልኝ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ሊያስይዙኝ ነው?»

«ያኔ ያልያዝኩሽ ዛሬ በየትኛው ጉልበቴ እይዝሻለሁ?»

ሳቀች፤ ገባችም።

አሁን በየሳምንቱ ትመጣለች። ሌላውን ቀን እኔው እጠርጋለሁ። ዛፉ ማርገፉን አይተውም፣ እኔም መጥረጌን አልተውም። አስለፈች ጎመኑን በልታ ስለ ሰርቪስ ቤቱ ዝም አለች። እሷ ዝም ካለች ተሸንፋለች ማለት ነው።

ለጉልበቴ ሐኪም ያዘዘልኝን እወስዳለሁ፤ ጉልበቴን መራገም ግን ትቻለሁ። ያን ጠዋት ደህና ሮጦልኝ ቢሆን ኖሮ ቅጠሌን አስመልሼ፣ ዛሬ ጓሮዬ ላይ የሚበቅለው ተከራይ ነበር።