በጉደር መንገድ የተለቀሰልኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ሐኪም ስልክ ደወለልኝ። የክልላችን የድንገተኛ ሕክምና ሐኪሞች ስብስብ አዲስ አባል ነው፤ ገና ጉልበቱም ምላሱም ያልደከመ። አዲስ ዓለም ከተማ ላይ የመኪና አደጋ ልምምድ ሊያዘጋጁ ነው፦ የውሸት ቁስለኞች፣ የውሸት ደም፣ እውነተኛ ሠልጣኞች። «ለሕዝቡ ግን አንናገርም ዶክተር» አለኝ ደስ ብሎት። «ሰው ሳያውቅ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ እናያለን፤ ጥሩ ጥናት ይወጣዋል።» እንደማይሆን ነገርኩት። ለምን እንደማይሆን ግን አልነገርኩትም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ሲግል ተሰማኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ፣ አፈርኩ።

እኔም በእሱ ዕድሜ ሳለሁ ከደብረ ብርሃን ወደ አምቦ የመጣሁ አዲስ ጠቅላላ ሐኪም ነበርኩ። ኦሮምኛዬ «የት ጋ ያምሃል» እና «በደንብ ተንፍስ» ከማለት እምብዛም አያልፍም። ገበያ ወጥቼ ቲማቲም ስጠይቅ ሻጮቹ «ዶክተሩ ቲማቲሙን ሊመረምረው ነው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ ቦታ ድንገተኛ ክፍል የሚባለው ለበሩ የቀረበ ክፍል ከመሆኑ በቀር ከሌላው የሚለይበት ነገር አልነበረውም። ይህ ያንገበገባቸው ጥቂት ሐኪሞች ተሰባስበው በየቢሮው ደጅ ይጠናሉ፣ ነርሶችንና ሾፌሮችን ያሠለጥናሉ፣ ከሥራ በተረፈችው ሰዓት ደግሞ ጥናት ይጽፋሉ። እኔ የስብስቡ ታናሽ ስለነበርኩ ወንበር የማመላልሰውም ፕሮጀክተር የምሸከመውም እኔ ነበርኩ።

መሪያችን ዶክተር ተረፈ ይባላል። ደግ ሰው ነው፤ ነገር ሁሉ ካልተለካ ግን እንቅልፍ አይወስደውም። «ያልተለካ ነገር እሮሮ ነው፤ የተለካ ነገር ማስረጃ ነው» ይለን ነበር። አልተሳሳተም። ስንት ጊዜ አልቅሰን የጠየቅነውን አምቡላንስ ማንም አልሰጠንም። ስለዚህ ጉደር መውጫ ላይ፣ ለልምምድ ተጎትቶ የመጣ አሮጌ ሚኒባስ ከመንገድ ዳር አስጋድመን፣ አደጋ የደረሰ አስመስለን ሠልጣኞቻችንን ልንፈትን ተስማማን። የሚያውቁት ፖሊሶችና የቀበሌው ሰዎች ብቻ ይሆናሉ። መንገደኛው ቁስለኛ ሲያይ ምን ያደርጋል? እንዴት ያነሳል? እንዴት ይሸከማል? ይህንን ሰው ጽፎት አያውቅም፤ እኛ እንጽፈዋለን ተባለ። ከመካከላችን «ነውር አይሆንም ወይ?» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም፤ እንዲያውም በጣም ጓጉቼ ነበር።

ወሩ ጥቅምት ነው። ክረምቱ አልፎ ከአምቦ እስከ ጉደር ያለው ማሳ መገርጣት ጀምሯል፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ይቆርጣል፣ ረፋድ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቁርስ ላይ ማር የፈሰሰበት ጨጨብሳ ሆዴ እስኪወጠር በላሁ። ባልደረቦቼ «የሞተ ሰው አይርበውም እኮ፣ ምን አንገበገበህ?» እያሉ ቀለዱብኝ። የሬሳው ድርሻ የደረሰው ለእኔ ነበርና ነው። ዶክተር ተረፈ ሚናውን ሲያከፋፍል «አንተ በስብሰባ ላይ እንዴት እንደምትተኛ አይቻለሁ፤ ተሰጥኦህን እንጠቀምበት» አለኝ።

ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጎዳ ሐኪም ቁስለኞችን በቀለም ይለያል። ቀይ ጥብጣብ የታሰረለት አሁኑኑ ይታከማል፣ ቢጫው ትንሽ ይቆያል፣ አረንጓዴው ይጠብቃል። ጥቁር የታሰረለት ግን ወይ ሞቷል ወይ አይተርፍም፤ ስለዚህ ታልፎ ሊተርፍ ወደሚችለው ይኬዳል። ለሠልጣኝ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ማለፍን መማር። እኔ ጥቁር ነበርኩ።

ቀይ ሥር ከስኳር ጋር አፍልተን ደም ሠርተናል። ግንባሬና ደረቴ ላይ አፈሰሱብኝና ጠጠሩ ላይ ተጋደምኩ። ዝንብ ስኳሩን አሽትቶ ከሰው በፊት ደረሰ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሳቄን አፍኜ፣ ከንፈሬ ላይ የሚሄደውን ዝንብ እየረገምኩ ሳለ የመጀመሪያውን ጩኸት ሰማሁ።

በዚያ አገር የወደቀ ሰው ብቻውን አይተኛም። ያወቀውም ያላወቀውም ይደርሳል፤ አንዱ ቃሬዛ ፍለጋ ይሮጣል፣ አንዷ ነጠላዋን ታለብሳለች፣ አንድ ሰው ደግሞ ራስጌው ይቀመጣል። በእኔ ራስጌ የተቀመጠችው ሽንኩርት ይዛ ወደ ገበያ ትሄድ የነበረች ሴት ናት። ስሟ ሎሚ መሆኑን፣ እዚያ አገር እማማ እንደማለት አዴ ሎሚ እንደሚሏት ያወቅሁት በኋላ ነው። ጭንቅላቴን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች፤ እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። በነጠላዋ ሸፈነችኝና «ኢልመ ኮ፣ ኢልመ ኮ» ትል ጀመር። ልጄ፣ ልጄ ማለቷ ነው። ከዚያ ጸሎት ጀመረች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጌታን እየለመነች፣ በመሃል እያለቀሰች፣ በመሃል ደግሞ ለታ የሚባል ሰው እየጠራች። እንባዋ ዓይኔ ቆብ ላይ ጠብ አለ። ሙቅ ነበር።

ከወዲያ ማዶ የዶክተር ተረፈ ድምፅ ተሰማኝ። «አየህ? መነካት የሌለበትን አንገቱን አነሳችው! ጻፍ፣ ጻፍ!» ይላል ለአንዱ።

ያኔ መነሳት ነበረብኝ። ግን ልምምዱን አበላሽ ይሆን? የስንት ሰው ድካም ነው፣ አንድ አፍታ ብቻ ልታገሥ፣ እያልኩ ከራሴ ጋር ስከራከር ሠልጣኞቹ ደረሱ። ወደ እኔ የመጣችው ሲስተር ጫልቱ ነበረች፤ የዚያው አገር ልጅ፣ ጎበዝ ነርስ። ደረቴ ላይ የተለጠፈውን፣ ጉዳቴን ለሠልጣኝ የሚገልጸውን ምልክት አይታ፣ እንደተማረችው ጥቁር ጥብጣብ አሰረችልኝና ልታልፍ ስትል አዴ ሎሚ ቀሚሷን ጨምድዳ ያዘች፤ በኦሮምኛ የተባባሉትን ጫልቱ በኋላ ተረጎመችልኝ።

«የት ትሄጃለሽ? ይሄስ?»

«አዴ፣ ማሎ፣ እባክሽ ልቀቂኝ። ሌላ ሰው አለ።»

«ይሄም ሰው ነው! እየተነፈሰ ነው፣ ንኪው! እንደ ለታ ልትተዉት ነው? እንደ ልጄ?»

ጫልቱ ቆመች። ስታለቅስ በትንፋሿ አወቅሁ። ከዚህ በላይ መተኛት አልቻልኩም። ዓይኔን ገልጬ ተቀመጥኩ፤ «እማማ፣ ደህና ነኝ። ምንም አልሆንኩም» አልኩ።

ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ ምን ነበረበት! እሷ ግን «ዋቃዮ!» ብላ አምላኳን ጠርታ አቀፈችኝ። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችኝ። አንገቴን፣ ጎድኔን ዳሰሰች፤ ደም ከየት እንደሚፈስ ትፈልጋለች። ሴቶቹ እልል አሉ። እግዚአብሔር ጸሎቷን የሰማ መሰላቸው። እኔ እጇ ውስጥ እንዳለሁ ሌሎቹ የውሸት ቁስለኞች ነገሩ ያለቀ መስሏቸው አንድ በአንድ እየተነሱ ልብሳቸውን ማራገፍ ጀመሩ። እግሩ የተቆረጠው ተነሳ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ከት ብሎ ሳቀ። አዴ ሎሚ ወደነሱ አየች፣ ጣቷ ላይ ያለውን ቀይ ነገር አየች፣ ከዚያ እኔን።

«አንተስ ተነሳህ» አለችኝ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ። «የእኔን ልጅ ማን ተነስ ይበልልኝ?»

ሽንኩርቷን ለቃቅማ ሄደች። ያን ቀን ምሳ በልተናል፣ ስለ ውጤቱ ተወያይተናል፤ ያልኩትንም የበላሁትንም አላስታውስም። ነጠላዋ ትከሻዬ ላይ ቀርቶ ነበር።

አጥቤ ልመልስ ብል የቀይ ሥሩ እድፍ እምቢ አለ። አዲስ ነጠላ ገዝቼ፣ ሁለቱንም ይዤ፣ ሲስተር ጫልቱን አስተርጓሚ እንድትሆነኝ ለምኜ ቤቷ ሄድኩ። የይቅርታ ንግግሬን መንገድ ላይ ሁሉ ተለማምጄዋለሁ። እሷ ግን አላስጀመረችኝም። «መጀመሪያ ቅመስ» ብላ እርጎ አቀረበች። አዲሱን ነጠላ ወደ ጎን አድርጋ እድፋሙን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ከዚያ ስለ ለታ ነገረችን። ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ነው። አብረውት የነበሩ ብዙ ሰዎች ተጎድተው ነበርና የተወሰዱበት ሐኪም ቤት ያሉት ሐኪሞች እሱን አይተው ወደ ሌሎቹ ሄዱ። ግድግዳ ሥር አስቀመጡት፤ እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው አወራችው። ለምን እንደተዉት ያስረዳት አልነበረም። እኔ ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ፤ ስለ ቀለሞቹ፣ ስለ ጥቁሩ። እሷ የፈለገችው ግን ያንን አልነበረም።

«አንተ እንደሱ ተኝተህ ነበር» አለች። «እኔ ስናገር ትሰማኝ ነበር?»

«እሰማሽ ነበር።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ አዴ።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ «እንግዲያ ለታም ሰምቶኛል» አለች። እንባዋ ወረደ፤ ፊቷ ግን በራ። እጄን ይዛ መረቀችኝ። ጫልቱ አየችኝ፤ እኔ ወደ እርጎው አቀረቀርኩ። ምን አውቅና ነው የመሰከርኩት? ጨጨብሳ ጠግቦ የተጋደመ ጤነኛ ሰው የሰማውን፣ ሊሞት የቀረበ ሰው ይሰማ አይሰማ በምን አውቃለሁ? ሐኪም ነኝና አመነችኝ። አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ ያ ብርሃን ከፊቷ ይጠፋ ነበር፤ አልተናገርኩም። ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ተመርቄ ተመለስኩ።

ዓመታት አለፉ። ልምምድ ከማድረጋችን በፊት አሁን ሰው እንልካለን፤ በድምፅ ማጉያ በአማርኛም በኦሮምኛም ያስነግራል። ወጣቶቹ ድራማ ሆነ ብለው ያጉረመርማሉ፤ ያጉረምርሙ። በመጋደሜ የተሰማኝን ኀፍረት በዚህ ትንሽ አስታግሠዋለሁ። በመለስኩላት መልስ የተሰማኝን ግን በምን እንደማስታግሠው አላውቅም፤ ዛሬ ብትጠይቀኝም ያንኑ እንደምመልስላት ሳስብ ይብሳል።

እውነተኛ አደጋ ሲመጣ፣ እውነተኛ ጥቁር ጥብጣብ የማስረው እኔ ነኝ። ሥራ ነውና አልፋለሁ፤ ሊተርፍ የሚችል አለ። ቅርብ ጊዜ አንዲት ተማሪዬ ጥቁር ወዳሰርኩለት አንድ ሰው እያየች «ዶክተር፣ እንዲህ ሲሆኑ ይሰማሉ?» አለችኝ። ያነበብኩትን ሁሉ በልቤ አገላበጥኩ።

«ሩጪ» አልኳት፣ «አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያወራው ሰው ፈልጊለት።»