ጋሽ ማርቆስ ሳይጠይቅ ወንዝ አልገባም

"ጫማው አሁንም የመኪናው ኮፈን ላይ ነው" አለኝ አስተርጓሚያችን ዛሬ ጠዋት በስልክ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። ወይም ሰምቼ አላምንም ብያለሁ።

ጋሽ ማርቆስ ሞተ ብዬ ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ሰኞ ጠዋት እኮ ሀይሌ ጋርመንት ባለው ቢሮአችን በር ላይ ሻንጣ እየጫነ "ሂሩቴ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ረሳሽ?" ሲለኝ ነበር። የረሳሁትም ነገር ነበረ፤ የመድኃኒቱን ሳጥን። እየሳቀ ጠበቀኝ።

ለማታውቁት፣ ጋሽ ማርቆስ የለቡ ሰው ነው፣ የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር። ከውጭ የሚመጡ በጎ አድራጊዎችን ወደ ደቡብ እንወስዳለን። መጀመሪያ የሚረዱትን ትምህርት ቤት ያያሉ፣ መንደር ውስጥ ይውላሉ፣ መጨረሻ ላይ ፓርክ ገብተው የዱር እንስሳት አይተው ይመለሳሉ። እሱ ይነዳል። ፕሮግራሙን የማወጣው እኔ ነኝ። ይቺን ልብ በሉልኝ።

አብሬ በወጣሁባቸው ጉዞዎች ያየሁትን ልንገራችሁ። እንግዶቹ በመስኮት ካሜራ አውጥተው መንገደኛውን ሁሉ ማንሳት ሲጀምሩ ዳር ይዞ ያቆማል። "ንገሪያቸው፣ ፓርኩ ነገ ነው። ዛሬ የምንሄደው ሰው ቤት ነው" ይለኛል። ካሜራው ቦርሳ እስኪገባ ፍንክች የለም። መንደር ስንደርስ ደግሞ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ሰላም ይላል፣ የልጆቻቸውን ስም እየጠራ ይጠይቃል፣ እኛ በረሃብ ልናልቅ!

ወንዝ ላይ ግን ጨዋታ የለም። ወደነዚያ መንደሮች በሚወስደው መንገድ ድልድይ አይታሰብም። መኪናውን ራቅ አድርጎ ያቆምና ጫማውን አውልቆ ኮፈኑ ላይ ያስቀምጣል። ሱሪውን ይጠቀልላል። "ቆዩ፣ ልጠይቀው" ይላል። ከዚያ በእግሩ ይገባል፣ ብቻውን።

መጀመሪያ ያየሁት ቀን አናት የሚበሳ ፀሐይ ነበር፣ ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና የለም። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም። ገባ፣ ቆመ፣ ጎንበስ ብሎ በእጁ ነካው፣ ተመልሶ መጣና መኪናውን ወደ ኋላ ወደ ዳገቱ አወጣው። "ውሃው ቀዝቅዟል። ላይ ዘንቧል" አለ።

እኔ ነገረኛዋ፣ "ጋሽ ማርቆስ፣ ይሄ እኮ ዶሮ ይሻገረዋል!" አልኩት።

"ሂሩቴ፣ እኔ የምጠይቀው ያለውን ውሃ አይደለም። የሚመጣውን ነው።"

ተቀመጥን። ሳጉረመርም ቆየሁ። መጀመሪያ ወፎቹ ጸጥ አሉ። ከዚያ ድምፁ መጣ፣ ከባድ መኪና ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። ከዚያ ደራሹ ጎርፍ ራሱ መጣ፤ ጥቁር፣ ሙሉ ዛፍ ከነሥሩ ተሸክሞ። ያ ሁሉ ሲያልፍ ፀሐዩ አናታችን ላይ እንዳለ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ፌስቡክ ላይ "ሹፌሩ ጎርፍ እያየ ደፍሮ ገባ"፣ "የሰው ነፍስ ይዞ ቁማር ተጫወተ" የምትሉ፣ እባካችሁ አቁሙ። እውነቱን የማውቀው እኔ ነኝ።

ትናንት ትምህርት ቤቱ ጋ ወላጆቹ ፍየል አርደው ጠበቋቸው። ጥሎ መሄድ ነውር ነው፣ ሰዓቱ ገፋ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቴሌግራም የተራራውን ፎቶ ላከልኝ። ጫፉ ጠቁሯል፣ ከሥሩ ግን ፀሐይ ነው። "ሂሩቴ፣ እዚሁ ትምህርት ቤቱ ግቢ ብናድርስ?" ይላል።

እንግዶቹ የሚያድሩት ከወንዙ ማዶ ነበር፣ ጎህ ሲቀድ ፓርክ እንዲገቡ። እንስሳት ሳያዩ ቢመለሱ ወቀሳው እኔ ላይ ነው። እንዲህ ብዬ መለስኩለት፦ "እናንተ ጋ እኮ ፀሐይ ነው 😂 ፓርኩ ነገ ነው ጋሼ። ተሻገሩ።"

የራሱን ቃል መልሼ ሰጠሁት። ያን ሰዓት ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

"እሺ። ልጠይቀውና እደውልልሻለሁ" አለኝ።

የሆነውን አስተርጓሚው ነግሮኛል። መኪናውን ራቅ አድርጎ አቆመ፣ ጫማውን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠ፣ ገባ። መሀል ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ውሃውን ነካ፣ ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ። ሮጦ መውጣት ይችል ነበር ይላል አስተርጓሚው። እሱ ግን እንግዶቹ ፎቶ ሊያነሱት ከመኪና ወርደው ዳር ድረስ ተከትለውት ነበርና፣ ቋንቋውን ስለማይሰሙ እጁን እንዲያዩት እዚያው ቆሞ በሁለት እጁ "ወደ ላይ! ወደ ላይ!" እያለ ይጮህ ጀመር። የመጨረሻዋ ሴት ዳገቱን እስክትይዝ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ድምፁ መጣ፣ ጎርፉም አብሮት።

ዛሬ ጠዋት ከታች፣ ሩቅ ቦታ፣ አስከሬኑ ተገኘ።

እሱ አልደፈረም። የደፈርኩት እኔ ነኝ፣ አዲስ አበባ ወንበር ላይ ተቀምጬ።

ጋሽ ማርቆስ፣ ለቡ ድንኳንህ እየተተከለ ነው። ሌላ ሰው ሳይነግራት ብዬ ለባለቤትህ ለእትዬ አስቴር መልእክትህን ከነመልሴ አሳየኋት። አንብባ ስልኬን መለሰችልኝ። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። "ጫማውን አምጪልኝ" ብቻ አለችኝ። አመጣላታለሁ።

ከመስክ በደወልክ ቁጥር ገና ሃሎ ሳትል "እንግዶቹ እንዴት ናቸው?" እልህ ነበር። አንተስ ብዬህ አላውቅም።

ዛሬ እኔ ልንገርህ። ስድስቱም ደህና ናቸው። የአንዳቸውም እግር አልረጠበም።

ደህና ሁን ጋሼ።