የተፋቀው የዛፍ ሽበት

ሰቆጣ ላይ መምህር ሳለሁ፣ በአንድ ደብር ግቢ ያለ ያረጀ ወይራ እንቅልፍ ነሳኝ። በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚበቅለውን ግራጫ ነገር የዛፍ ሽበት እንለዋለን። የዚህ ወይራ ሽበት ግን ጠርዙ ቢጫ ነው፤ መካከሉም ዝገት የሚመስል ነጠብጣብ አለበት። ባሉኝ መጻሕፍት ሁሉ ፈልጌ አጣሁት።

አዲስ አበባ ላሉት የዕፅዋት መምህሬ ጻፍኩላቸውና ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው በጭነት መኪና ተንገላተው መጡ። አጉሊ መነጽራቸውን ቅርፊቱ ላይ ደቅነው ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ቀና ብለው፣ «ይህ ገና ስም አልወጣለትም» አሉኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ስም ለማውጣት ግን ናሙናው ከነቅርፊቱ መቀመጥ አለበት፤ ያለዚያ ማንም አያምነንም። መኪናው ደግሞ በማግስቱ ይመለሳል።

ከደብር ዛፍ ላይ ቢላ ማሳረፍ የሚታሰብ አይደለም። የደብሩ አለቃ ከብዙ ልመና በኋላ ነፋስ የጣለው አንድ ቅርንጫፍ ፈቀዱልን። የወደቀ እንጨት የቤተልሔም ነው፤ ለመሥዋዕቱ ኅብስት መጋገሪያ ይነዳል። ስለዚህ የምንረከበው ከቤተልሔሟ አገልጋይ ከእማሆይ ነበር። እማሆይ ስም ልናወጣ መሆኑን ሲሰሙ ወንድ ነው ሴት ብለው ጠየቁኝ፤ ክርስትናው የአርባ ቀን ይሁን የሰማንያ ለማወቅ ነው። ፈንገስና አልጌ የሚባሉ ሁለት ፍጥረታት ተጋግዘው እንደ አንድ የሚኖሩበት ነው አልኳቸው።

«ባልና ሚስት ነው በለኛ» አሉ፤ ነገ ጠዋት ኑ ብለውም ሸኙን።

ጠዋት ስንደርስ ቅርንጫፉ ነጭ ሆኖ ጠበቀን። ለእንግዳ እድፍ ያለበት እንጨት አይሰጥም ብለው ልቅም አድርገው ፍቀውታል። መምህሬ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ንዴቴን ዋጥ አድርጌ የምንፈልገው እድፉን እንደነበር ስነግራቸው፣ እማሆይ ክው አሉ። ከዚያ ገብተው ሰፌድ ይዘው ወጡ። ከደብር ዛፍ የወጣ ነገር በእግር አይረገጥምና ፍቅፋቂውን ወይራው ሥር ሊያፈሱት አኑረውት ነበር። ከብናኙ መካከል ጥፍር የምታህል፣ ሽበቷ ያልለቀቀ አንዲት የቅርፊት ስባሪ ተገኘች። መምህሬ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ በወረቀት ጠቀለሏት፤ መኪናው ጡሩምባውን እየነፋ ነበር።

ያገኘሁት እኔ ነኝና በስሜ የሚጠራ መስሎኝ ስጎመጅ ከረምኩ። ስሙ በላቲን ወጥቶ ሲደርሰኝ ግን ትርጉሙ «የተፋቀው» ሆኖ አገኘሁት። መጀመሪያ ከፋኝ፤ ቆይቶ ብቻዬን ሳቅሁ። ለእማሆይ ልነግራቸው ሄድኩ።

«ጥፋቴን በፈረንጅ አፍ ጻፉብኝ?» አሉ።

«የለም እማሆይ፤ ስም አውጪው እርስዎ ሆኑ» አልኳቸው።

ወደ ወይራው ሄደው ሽበቱን በጣታቸው ጫፍ፣ እንዳያሙት እየተጠነቀቁ ነኩት።

«እንግዲያስ ሁለተኛ አልፍቀውም» አሉ።