የአባቴ የፕላስቲክ እግር

አባቴ እግራቸውን ያጡት እርከን ሲክቡ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል ከመንደራችን ከብልባላ በላይ ባለው ማሳቸው ጎርፍ ያፈረሰውን ካብ መልሰው ሲሠሩ፣ ከላይ የነበረው ትልቁ ድንጋይ ተንዶ ቀኝ እግራቸውን አደቀቀው። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ ድረስ አወጣቸው። ሐኪሞቹ እግሩን ሊያተርፉት ሞከሩ፤ አልሆነም። ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

እኔ ላሊበላ ከተማ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። እናታችን ከሞተች ቆይታለች። ወንድሞቼ ርቀው ነው ያሉት፤ ይደውሉና "አባባ እንዴት ናቸው?" ይላሉ፣ "ደህና ናቸው" እላለሁ፣ በዚሁ ያበቃል። ስለዚህ አባቴ ከሆስፒታል ሲወጡ የመጡት እኔ ወደተከራየኋት አንድ ክፍል ነው። አልጋዬን ለቀቅሁላቸው። ጠዋት ቁስላቸውን አጥቤ፣ ቁርስ አቅርቤ ወደ ክፍል እሮጣለሁ። በምሳ ሰዓት ተመልሼ ደግፌ ሽንት ቤት አደርሳቸዋለሁ። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ጠመኔው ከእጄ የሚወድቅበት ቀን ነበር። አባቴ አይናገሩም እንጂ ያዩኝ ነበር።

"ልጄ፣ ወደ ቤቴ መልሽኝና ተገላገዪ" ይሉኛል።

"በየትኛው እግርዎ አባዬ?" እላለሁ።

ቁስሉ ሲደርቅ ደሴ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ቦታ እንዳለ ሰማን። ፈቃድ ጠይቄ ይዣቸው ሄድኩ። በአውቶቡሱ መስኮት በኩል አስቀምጬ ከተቆረጠው የቀረው ጉማጃቸው እንዳይጋጭ ጋቢ አጥፌ ከሥሩ አደረግሁ። ወልድያ አድረን በማግስቱ ደሴ ስንገባ የኔም ወገብ እንደ እሳቸው እግር ያመኝ ነበር።

ባለሙያው ቁጥብ ጎልማሳ ነበር። ጉማጁን በጀሶ ጨርቅ ጠቅልሎ ቅርጹን ወሰደ፤ በቅርጹ ውስጥ ደግሞ ጀሶ አፍስሶ የአባቴን ጉማጅ የሚመስል ነጭ ነገር አወጣ። ሲስተካከል እስከ ማግስቱ ቆየን። ከዚያ ወፍራም ነጭ የፕላስቲክ ሉህ ምድጃ ውስጥ አስገባ። ሲገባ እንደ ጣውላ ደረቅ ነበር። ሲወጣ ነጭነቱ ጠፍቶ ብርሃን ያሳልፋል፣ እንደ ሊጥም ይንጠለጠላል። ለሁለት በጓንት ይዘው ጀሶው ላይ አለበሱትና አየሩን በመሣሪያ ሲስቡት ፕላስቲኩ ቅርጹ ላይ ልጥፍ አለ። ሲበርድ ተመልሶ ነጭ ሆነ።

በየዓመቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ ፖሊመር አስተምራለሁ። ላብራቶሪያችን ባዶ መደርደሪያ ስለሆነ የማሳያቸው ጀሪካን፣ ፌስታልና የእስክሪብቶ ቀፎ ነው። "ፖሊፕሮፒሊን ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲበርድ ይጠነክራል" ብዬ ስንቴ ጽፌአለሁ። እንዲህ ከምድጃ ሲወጣ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። እንደዚያ ባይደክመኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ አንገታቸውን አስግገው ሲያዩ ቆዩና "ይኼ ከጀሪካን ነው የሚሠራው?" አሉኝ።

"የጀሪካን ዘመድ ነው አባዬ።"

"ራሱ ጀሪካኑስ ምንድን ነው?"

"በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። አንዱ ካንዱ እየተያያዘ ብዙ ሺህ ሲሆን ረጅም ሰንሰለት ይወጣዋል። ጥቃቅኑን ሞኖመር፣ ረጅሙን ፖሊመር እንለዋለን። ሲበርድ ሰንሰለቶቹ ተጣብቀው ይቀመጣሉ። ሲሞቅ አንዱ ባንዱ ላይ ይንሸራተታል፤ አሁን ሲለሰልስ ያዩት ለዚህ ነው።"

"የእግዜር ሥራ አይደለም ማለት ነዋ።"

"የእግዜርም አለ። የለበሱት ጋቢ ጥጡ እንደዚሁ ረጅም ሰንሰለት ነው። የበጉ ፀጉርም፣ የበሬው ቆዳም እንዲሁ። ይኼኛው ሰው ከነዳጅ የሠራው ነው።"

ጋቢያቸውን ዳሰስ አደረጉ። "እና ጋቢ ለምን አይቀልጥም?"

"የጥጥ ሰንሰለቶች አጥብቀው ይያያዛሉ። ከመለስለሳቸው በፊት ያርራሉ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ገብቷቸው ይሁን ለኔ አዝነው አላወቅሁም።

እግሩን ይዘን ተመለስን። መጀመሪያ በክራንች፣ ከዚያ በከዘራ፣ በኋላ ግድግዳ እየያዙ ተለማመዱ። መራመድ ሲችሉ ብልባላ ወደ ቤታቸው ወሰድኳቸው፤ ጎረቤት ያለችው የአክስቴ ልጅ እያበሰለች ልታያቸው ተስማማች። ያን ሳምንት አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ከትምህርት ቤት ውጭ የትም ሳልሄድ ሰነበትኩ።

ችግሩ የመጣው በመጀመሪያው እሑድ ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰው ሁሉ ጫማውን ሲያወልቅ አባቴም ከሁለቱም እግራቸው አወለቁ። ያ የፕላስቲክ እግር ባዶውን ሲታይ አንድ ሽማግሌ "እሱስ ጫማ አይደለም እንዴ? ተረግጦበት ነው የመጣው" አሉ። አባቴ ክርክሩን ሳይጠብቁ ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አስቀደሱ። በሚቀጥለውም እሑድ እዚያው ተቀመጡ። ሰምቼ ስመጣ በሳቸው ፈንታ እኔ ተናደድኩ፤ የነፍስ አባታቸው ዘንድ ይዣቸው ሄድኩ።

ቄሱ አረጋዊ ናቸው። እግሩን አስወልቀው በእጃቸው መዝነው አዩት። "ልጄ፣ ይኼ ከምንድን ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ወደ አባቴ ዞረው "ማታ ሲተኙ ምን ብለው ነው የሚያወልቁት? ጫማዬን ነው የሚሉት እግሬን?" ብለው ጠየቁ።

"እግሬን ነው የምል አባቴ።"

"እንግዲያው እግርዎ ነው። ጫማውን ያውልቁ፣ እግሩን በንጹሕ ውሃ አጥበው ይግቡ።"

አባቴ የቄሱን ጉልበት ስመው ወጡ። መንገድ ላይ እያለቀሱ እንደሆነ ያወቅሁት በነጠላዬ ጫፍ ፊታቸውን ሲጠርጉ ነው።

ክረምት ገባ። አንድ ጠዋት የአክስቴ ልጅ ደወለች። "እግራቸው ተበላሽቷል፣ ነይ" አለችኝ። የትኛው እግር ብዬ ስጮህ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ከሰዓት ጭቃውን እየሰነጠቅሁ ደረስኩ። አባቴ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ እግሩ አጠገባቸው ተጋድሟል። ዝናብ አርሶት ኖሮ ሊያደርቁት ምድጃው አጠገብ አቁመውት ነበር። ጉማጁ የሚገባበት ማቀፊያ ባንድ ጎኑ ወደ ውስጥ ተጣሟል።

"እሳት አያስጠጉት ተብሎ አልነበር አባዬ?"

"ተብሏል። በረደኝ ልጄ። እኔ ስሞቅ እሱም ይሙቅ ብዬ ነው።"

ልቆጣ ነበር፤ አቅም አጣሁ። እርጥብ ጫማዬን አውልቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"እሳት ያለሰለሰውን እሳት ይመልሰው እንጂ" አሉ። "አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ ታውቂበታለሽ።"

"እሳት ያለሰልሰዋል እንጂ ቅርጹን አያውቀውም። ቅርጹን የሰጠው ጀሶው ነው፤ ጀሶው ያለው ደሴ ነው።"

"በሙቅ ውሃስ?"

በሙቅ ውሃ እንደማይሆን አውቃለሁ። እኛ ጋ በከፍታው ምክንያት ውሃ መቶ ዲግሪ እንኳን ሳይሞላ ይፈላል፤ ያ ፕላስቲክ የሚለሰልሰው ደግሞ ከዚያ በጣም ከፍ ባለ ሙቀት ነው። ግን እንቢ ማለት ከበደኝ። ብረት ድስት ጥጄ የተጣመመውን ጎን ነከርኩት። አባቴ አጎንብሰው ይጠብቃሉ። አውጥቼ በጨርቅ ይዤ ገፋሁት፤ ፍንክች አላለም። ደገምኩት። ሦስተኛውን ስጀምር እጄን ያዙኝና "በቃ ተይው፣ ትቃጠያለሽ" አሉ።

እንደገና ፈቃድ፣ እንደገና አውቶቡስ። ባለሙያው ማቀፊያውን አገላብጦ አየና አልተቆጣም። "ክረምት ላይ ብዙ ሰው እንዲህ ይዞ ይመጣል" አለ። የአባቴ ጉማጅ ከስቶ ስለነበር ባይጣመምም መለወጡ አይቀርም ነበር አለን። ይህን ሲሰሙ አባቴ ቀለል አላቸው። እኔ ግን ገና ስንት ጊዜ በዚያ መንገድ እንደምመላለስ አሰብኩ። ጉማጁ ይከሳል፣ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ እሳቸው ያረጃሉ። አዲሱ ሉህ ከምድጃ ሲወጣ ውጭ አግዳሚው ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።

ስንመለስ ጋሸና መገንጠያው ላይ ወደ ላሊበላ የሚሄድ መኪና አጣን። ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። ሻንጣው ላይ ተቀምጠን አባቴ አዲሱ እግር ስለቆረቆራቸው አውልቀው ሰጡኝ፤ ጭኔ ላይ አቀፍኩት።

"ደክሞሻል" አሉኝ ድንገት።

ሁልጊዜ አልደከመኝም ነው የምለው። ያን ቀን "አዎ አባዬ፣ በጣም ደክሞኛል" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። እኔም ደክሞኛል።" ጋቢያቸውን ገልጠው ግማሹን ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። ቆይቶ አንድ አይሱዙ ቆመልን፤ ሾፌሩ ወርዶ እሳቸውን ደግፎ ጋቢና አስገባ፣ እኔ ከኋላ ከእህል ጆንያው ላይ ተሳፈርኩ።

አሁን አባቴ እስከ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ቁልቁለት ግን ያማቸዋል። ማሳውን ለእኩል አራሽ ሰጥተዋል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ማቀፊያውን በሳሙና አጥባለሁ፣ ጉማጁ መቁሰል አለመቁሰሉን አያለሁ፣ ካልሲውን እለውጣለሁ። ከዚያ ለሳምንቱ ውሃ ቀድቼ እመለሳለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ስደርስ ካቡ ሥር ቆመው ለአራሹ ድንጋይ ሲያቀብሉ አገኘኋቸው። ይቀመጡ ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ጀሪካኑን አንስቼ ወደ ምንጩ ወረድኩ።