የሁዳዴ ቅቤ

ዘርፈሽዋል ደባርቅ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከከፈተች ወዲህ፣ ክርኑ የተጣፈ ኮት የሚለብሰው ሰውዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዳባት ይመጣል። በሁዳዴም ሳይቀር ገበያው ላይ ከአንዲት የጃናሞራ ሴት ቅቤ ገዝቶ ይገባና የመረጃ መቆለፊያ ስልቶችን የሚያነጻጽር ጽሑፍ ፕሪንት ያስደርጋል።

«አሁንም ስለ ቁልፍ ነው ጋሼ?» አለችው።

«የአንድ ጤና ጣቢያ መዝገብ በኮምፒውተር ወደ ምስጢር ምልክት ቀይሬ የቆለፍኩት እኔ ነኝ» አላት አንገቱን ደፍቶ። «ቁልፉስ ጠንካራ ነበር። በየመስመሩ የሚለዋወጥ ቁጥር ግን አልጨመርኩበትም። ስለዚህ መዝገቡ ሰው እጅ ሲገባ አንድ ዓይነት በሽታ ሁሉ አንድ ዓይነት ምልክት ሆኖ ታየ፤ የአንዱን ሕመም የሚያውቅ ያንኑ ምልክት የያዙትን ሁሉ አወቀ። አንዲት የጃናሞራ ባለትዳር ነበረች፤ ሕመሟ ሲታወቅ ባሏ አባረራት፤ ሰው ሸሻት።»

ዘርፈሽዋል ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠውን ቅቤ አየችው። ከዚያች ሴት የሚገዛ ሌላ ሰው አይታ አታውቅም።