ሳተላይቱ ያልመዘገበው

«አስቀያሚ ነበር አልኩሽ እኮ! መስመሩ መሃል ላይ ተቆርጧል። ቀጠልኩት።»

«ማን ቀጥል አለህ?»

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ በምሠራባት ፎቶ ኮፒ ቤት፣ የመመረቂያ ጽሑፏን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ትጮህብኝ ነበር። ከደቡብ መጥታ ኪቶ ፉርዲሳ በተባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ፊዚክስ የምትማር ልጅ ናት። ስድስት ሰዓት ላይ አራት ቅጂ ማስረከብ ነበረባት፤ አምስት ሰዓት አልፏል። ፍላሿን ቫይረስ ስለበላው፣ ግራፏን ከወረቀት ላይ እያየሁ በኮምፒውተር እንደገና የሳልኩላት እኔ ነኝ።

የእኛ ቤት ልማድ ይህ ነው፤ የደበዘዘ ፊደል እናደምቃለን፣ የተቆረጠ መስመር እንቀጥላለን። እስከዚያ ቀን ድረስ ያመሰገነን እንጂ የተቆጣን አልነበረም። በዚያ ላይ ግጥም እጽፋለሁ፣ ይህንንም ለደንበኛ ሁሉ አወራለሁ፤ ጎዶሎ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል።

«ስማኝ ወንድሜ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይሄ ግራፍ የመጣበት ሳተላይት በምድር ዋልታዎች አጠገብ ሲያልፍ፣ ከላይ ወደ አየሩ የሚወርዱትን ኤሌክትሮኖች ይለካል። እዚያ ሰማዩን አረንጓዴ የሚያበሩት እነሱ ናቸው። እዚህ ጋ ግን መለኪያው ለጥቂት ሰከንድ አልመዘገበም። ምን እንደወረደ የሚያውቅ የለም።»

«ግራና ቀኙ ከፍ ያለ ነው። መሃሉም ከፍ ይላላ!»

«አንዱ ሰከንድ ጎርፍ፣ ቀጣዩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ፈታኞቹ ይሄን ከየት አመጣሽው ቢሉኝ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለ ገጣሚ ሰጠኝ ልበል? ውጤት ፈጠርሽ ብለው ይጥሉኛል!»

የቤቱ ባለቤት፣ ወረቀት ጭነው ትናንት ከአዲስ አበባ የተመለሱት የጅማ ሽማግሌ፣ ጥግ ተቀምጠው ሲሰሙን ቆይተዋል።

«ሜ፣ እስቲ ልጠይቅህ» አሉኝ። «ትናንት ሰኮሩ ስንደርስ ይዘንባል። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጅማ ስነቃም ይዘንባል። መሃል መንገድ ላይስ ዘንቦ ነበር?»

«እርስዎ ተኝተው ነበር እኮ፤ በምን ያውቃሉ?»

«ወላሂ፣ እኔስ አላውቅም። አንተ ግን ታውቃለህ!»

ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ልቆጣ ፈልጌ አቃተኝ።

የጨመርኩትን መስመር አጠፋሁ። ሁለቱ ጫፎች ነጩን ወረቀት መሃል አድርገው ቀሩ። ያን ያህል አላስጠላም፤ እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ ዓይኔን ያዘው። ማተሚያው የግራፉን ገጽ አራት ቅጂ አንድ በአንድ ተፋልን። እሷ እያንዳንዱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ እያየች በየቅጂው ውስጥ አስገባች፤ እኔ ጠረዝኩ።

«ግጥምህ ላይ ግን ያሻህን ቀጥል» አለችኝ።

«ግጥሜን አንብበሽ ታውቂያለሽ?»

«ግራፌ ላይ አነበብኩት። ይበቃኛል።»

ደጅ የሚጠብቃት ባጃጅ ሁለት ጊዜ ጥሩምባውን ነፋ። አራቱን ቅጂ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ሽማግሌውን «ጌታ ይባርክዎት» ብላ ወጣች። የብረቱ በር ከኋላዋ ተዘጋ።